ከሬኒየር አቬኑ እስከ ላስ ቬጋስ፦ የፓሲፊክ ኮስት ሊግ ቡድኖች፣ ሜዳዎችና ታሪክ

ሲያትል የኖረ ሐበሻ ሬኒየር አቬኑን የማያውቅ የለም። የሐበሻ ሬስቶራንቱ፣ የእንጀራና የበርበሬ ሱቁ፣ የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ማዕከሉ ሁሉ እዚያ ጎዳና ላይ ነው። ይሄው ጎዳና ማክሌላን ከሚባለው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሎውስ የሚባል ትልቅ የግንባታ ዕቃ መደብር አለ። ቀለም ወይም ብሎን ልትገዙ ገብታችሁ የረገጣችሁት መሬት በአንድ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚጮህበት የቤዝቦል ስታዲየም ነበር።

ወደ ሎስ አንጀለስ እንሂድ። ፌርፋክስ አቬኑ ላይ "ሊትል ኢትዮጵያ" አለች። ከእሷ ተነስታችሁ በዚያው ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብትነዱ ቤቨርሊ ቡልቫርድ ትደርሳላችሁ። እዚያም የሆሊውድ ተዋናዮች ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሚያዩት ሌላ የቤዝቦል ሜዳ ነበር።

ሁለቱንም ሜዳዎች የሚያገናኛቸው አንድ ሊግ ነው፤ ፓሲፊክ ኮስት ሊግ። ዛሬ ስለዚህ ሊግ የሰበሰብነውን ከመጀመሪያው እስከ አሁኑ አንድ በአንድ እንነግራችኋለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

⚾ መጀመሪያ፣ ማይነር ሊግ ማለት ምን ማለት ነው?

በእኛ አገር እግር ኳስ ከከፍተኛ ሊግ ያሸነፈ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። በአሜሪካ ቤዝቦል እንደዚህ የሚባል ነገር የለም። ቡድን አይወጣም፣ አይወርድም። የሚወጣውና የሚወርደው ተጫዋቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ 30 የሜጀር ሊግ ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ ክለብ ከሥሩ ተጫዋች የሚያሳድግባቸው አራት ቡድኖች አሉት፤ ከታች ወደ ላይ ሲንግል ኤ፣ ሃይ ኤ፣ ደብል ኤ፣ ትሪፕል ኤ ይባላሉ። በድምሩ 120 ቡድን ማለት ነው። ትሪፕል ኤ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ሜጀር ሊግ ብቻ ነው። በትሪፕል ኤ ሁለት ሊጎች አሉ፤ 20 ቡድን ያለው ኢንተርናሽናል ሊግና 10 ቡድን ያለው የእኛው ፓሲፊክ ኮስት ሊግ።

የተጫዋቹና የአሰልጣኙ ቀጣሪ ላይ ያለው ክለብ ነው። ትኬቱን፣ ሜዳውንና ማሊያውን የሚያስተዳድረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ባለቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ያጨበጨባችሁለት ልጅ ነገ ጠዋት ላይኖር ይችላል። ሜጀር ሊግ ላይ አንድ ሰው ከተጎዳ ስልክ ይደወላል፣ ልጁም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የማይነር ሊግ ደጋፊ ከዚህ ጋር መኖርን ለምዷል። የሚወደው ተጫዋች ሲሄድበት ይከፋዋል፣ ልጁ ስላለፈለት ደግሞ ይደሰታል።

⚾ 1903፦ ባቡር፣ ፀሐይና ረጅም ወቅት

ሊጉ የተጀመረው በ1903 በስድስት ቡድኖች ነው፦ ሎስ አንጀለስ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ኦክላንድ፣ ሳክራሜንቶ፣ ፖርትላንድና ሲያትል። በዚያ ዘመን የሜጀር ሊግ ምዕራባዊ ጫፍ ሴንት ሉዊስ ነበረች። ከእሷ ወዲያ በባቡር ቀናት የሚፈጅ መንገድ ስለሆነ ትላልቆቹ ክለቦች ወደ ምዕራብ አይመጡም ነበር። ስለዚህ የምዕራቡ ሕዝብ የራሱን ሊግ ሠራ።

የካሊፎርኒያ አየር ለስለስ ያለ በመሆኑ ወቅቱ በጣም ይረዝም ነበር። በ1905 የሳን ፍራንሲስኮው ሲልስ በአንድ ወቅት 230 ጨዋታ ተጫውቷል። ልብ በሉ፣ የዛሬው ሜጀር ሊግ 162 ጨዋታ ነው፤ እሱም በዝቶ ይታማል። ወቅቱ ስለሚረዝም ተጫዋቹም ብዙ ወር ይከፈለዋል። በዚህ የተነሳ ሜጀር ሊግ ሲጠሩት "እዚሁ ይሻለኛል" ብሎ የቀረ ጥሩ ተጫዋች ጥቂት አልነበረም።

በ1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት የቡድኑንም ሜዳ በላው። ቡድኑ ግን አልፈረሰም፤ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ኦክላንድ ላይ መጫወቱን ቀጠለ።

⚾ ከዚህ ሊግ የወጡ ስሞች

ጆ ዲማጂዮን ቤዝቦል የማያውቅም ሰው ስሙን ሰምቶ ይሆናል። የሲሲሊ ስደተኛ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። በ1933፣ በ18 ዓመቱ፣ በሲልስ ማሊያ በተከታታይ 61 ጨዋታ ቢያንስ አንድ አንድ ሂት አስመዘገበ። ሂት ማለት ኳሱን መትቶ በሰላም ቤዝ መድረስ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1941፣ ለኒው ዮርክ ያንኪስ ሲጫወት የሠራው የ56 ጨዋታ ሪከርድ እስከ ዛሬ በሜጀር ሊግ አልተሰበረም። የሚገርመው ግን ከዚያም የሚበልጠውን ሰርቶ የነበረው እዚህ ሊግ ላይ ነው። ወንድሞቹ ቪንስና ዶሚኒክም ለሲልስ ተጫውተዋል።

ቴድ ዊሊያምስ ደግሞ የሳን ዲዬጎ ልጅ ነው። በ1936፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ለከተማው ቡድን ለፓድሬስ መጫወት ጀመረ። በኋላ ከምንጊዜም ምርጥ መቺዎች አንዱ ሆነ።

ሲያትል ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ይችን ልብ በሉ። "ፍሬድ ሃች" የሚባለውን የካንሰር ማዕከል ታውቁታላችሁ፤ እዚያ የሚሠሩ ሐበሾችም አይጠፉም። ስሙ የተወሰደው ከቤዝቦል ተጫዋች ነው። ፍሬድ ሃቺንሰን የሲያትል ልጅ ሲሆን፣ በ1938 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ ለሲያትል ሬኒየርስ ወርዋሪ ሆኖ 25 ጨዋታ አሸነፈ። በኋላ በሜጀር ሊግ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆነ። በ1964 በካንሰር ሞተ። ሐኪም የነበረው ወንድሙ ቢል ማዕከሉን በስሙ አቋቋመ፤ በሩ የተከፈተው በ1975 ነው።

⚾ በሩ የተዘጋባቸው

ይሄ ሊግ የሚያኮራ ታሪክ ብቻ አይደለም ያለው። እንደ ሌላው የአሜሪካ ቤዝቦል ሁሉ እዚህም ጥቁር ተጫዋች እንዳይገባ የሚከለክል፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሕግ ነበር።

በ1916 ጂሚ ክላክስተን የሚባል ወርዋሪ ለኦክላንድ ኦክስ ተሰለፈ። ዘሩ ቅልቅል ነበር፤ ለክለቡ የተነገረው ግን የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ተወላጅ ነው ተብሎ ነው። በአንድ ቀን በተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች ላይ ወረወረ። ጥቁር ደም እንዳለበት ሲታወቅ ሳምንት ሳይሞላው አሰናበቱት። ይሁን እንጂ በዚያች አጭር ጊዜ የከረሜላ ኩባንያ ፎቶ አንሺ ደርሶ ፎቶ አንስቶት ነበር። በዚህ አጋጣሚ ክላክስተን በቤዝቦል ካርድ ላይ የወጣ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆኖ ቀረ። ከሊጉ አባረሩት፣ ካርዱን ግን ማንም ሊያጠፋው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ 32 ዓመት አለፈ። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ሜጀር ሊግን በከፈተ በዓመቱ፣ በመጋቢት 1948፣ ጆን ሪቺ ለሳን ዲዬጎ ፓድሬስ ተሰልፎ የፓሲፊክ ኮስት ሊግን በር ከፈተ። ሪቺ የሳን ዲዬጎ ልጅ ነው፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች ነው። ልጅ ሆኖ ከከተማው ቡድን ጋር ወደ ደቡብ ግዛቶች ለውድድር ሲሄድ በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ቁጭ ብሎ እንዲያይ ተደርጎ ያውቃል። ቦታው ካቸር ነበር፤ ከመቺው ጀርባ ተንበርክኮ ኳስ የሚቀበለው ማለት ነው። በመጀመሪያው ዓመት የመምታት አማካዩ .323 ነበር፤ ለማንኛውም ተጫዋች በጣም ጥሩ የሚባል ቁጥር ነው። በ1949 ደግሞ አርቲ ዊልሰን የሚባል ሌላ ጥቁር ተጫዋች የሊጉ ምርጥ መቺ ሆኖ ጨረሰ። ሜጀር ሊግ ግን ሪቺን አንድም ቀን አልጠራውም። ዛሬ ሳን ዲዬጎ በሚገኘው ፔትኮ ፓርክ ሐውልቱ ቆሞለታል።

⚾ ዛሬ የሌሉት ሜዳዎች

ሲክስ ስታዲየም (ሲያትል)፦ ሬኒየር አቬኑ ላይ ያለው ይሄ ነው። ኤሚል ሲክ የሚባል የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ቡድኑን ገዝቶ በቢራው ስም "ሬኒየርስ" አለው፤ ስታዲየሙንም በ1938 ከፈተ። በ1957 ኤልቪስ ፕሪስሊ እዚህ ሲዘፍን ጂሚ ሄንድሪክስ የሚባል የሰፈር ልጅ ተመልካች ነበር። በ1970 ሄንድሪክስ ራሱ እዚያው መድረክ ላይ ቆመ። በ1969 ፓይለትስ የሚባል የሜጀር ሊግ ክለብ ለአንድ ዓመት ተጫወተበትና ወደ ሚልዋኪ ሄደ። ስታዲየሙ በ1979 ፈረሰ። ሎውስ ስትሄዱ ምልክቱን ፈልጉት፤ የቀድሞው ሜዳ መታሰቢያ አለ።

ጊልሞር ፊልድ (ሎስ አንጀለስ)፦ የሆሊውድ ስታርስ ሜዳ ነው፤ በ1939 ተከፈተ። ከቡድኑ ባለድርሻዎች መካከል ቢንግ ክሮዝቢ፣ ጋሪ ኩፐርና ባርባራ ስታንዊክ ነበሩበት። በ1950 ተጫዋቾቹ በቁምጣ መጫወት ጀምረው መሳቂያ ሆነዋል፤ መሬት ላይ እየተንሸራተቱ ቤዝ በሚገቡበት ጨዋታ ቁምጣ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ዛሬ ቦታው ላይ ያለው የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ግቢ ነው።

ሪግሊ ፊልድ (ሎስ አንጀለስ)፦ ቺካጎ ያለውን ዝነኛ ስታዲየም ታውቁት ይሆናል፤ ስሙን ቀድሞ የያዘው ግን በ1925 የተከፈተው የሎስ አንጀለሱ ነው። የኤንጀልስ ቡድን ቤት ነበር። በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ በብዙ አሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ንግግር ያደረገበት ሜዳም ነው። በ1969 ፈረሰ።

ሲልስ ስታዲየም (ሳን ፍራንሲስኮ)፦ ከ1931 እስከ 1959 ቆየ። ዛሬ የገበያ ማዕከል ነው። ሁሉም አልጠፋም ግን፤ መብራቶቹና ወንበሮቹ ተነቅለው ወደ ታኮማ ተወስደዋል። ለምን እንደተወሰዱ ቀጥሎ ታያላችሁ።

⚾ 1958፦ ትልቁ ዓሣ ሲመጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምዕራቡ ከተሞች ሕዝብ በፍጥነት በዛ። የሊጉ ባለቤቶች "እኛም ሜጀር ሊግ እንባል" ብለው ጠየቁ። በ1952 "ኦፕን" የሚባል ለእነሱ ብቻ የተፈጠረ ልዩ ደረጃ ተሰጣቸው። ከትሪፕል ኤ በላይ፣ ከሜጀር በታች መሆኑ ነው። ሦስተኛው ሜጀር ሊግ ለመሆን አንድ እርምጃ የቀራቸው መሰለ።

አልሆነም። በ1958 ዶጀርስ ከብሩክሊን ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ጃያንትስ ከኒው ዮርክ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መጡ። ሊጉ በአንድ ጊዜ ሁለቱን ትልልቅ ከተሞቹን አጣ። ኤንጀልስ ወደ ስፖኬን፣ ሆሊውድ ስታርስ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ሲልስ ወደ ፊኒክስ ተሰደዱ። የሃምሳ ዓመት ደጋፊ አንድ ጠዋት ተነስቶ ቡድኑን አጣው።

ለብዙ ሰው የሜጀር ሊግ መምጣት የምሥራች ነበር። ነገር ግን በአነስተኛ ትኬት በሰፈሩ ሜዳ የሚገባው፣ ተጫዋቾቹን በስም የሚያውቀው ደጋፊ የራሱ የነበረውን ነገር ተነጠቀ። ስሞቹ ግን አልሞቱም። በ1961 የተመሠረተው የሜጀር ሊግ ክለብ ኤንጀልስ፣ በ1969 የመጣውም ፓድሬስ ስማቸውን የወሰዱት ከዚህ ሊግ ነው።

⚾ ፓሲፊክ የሌለበት ፓሲፊክ

ከዚያ በኋላ ሊጉ ብዙ ተንከራተተ። ከ1961 እስከ 1987 ሃዋይ ላይ ቡድን ነበረው፤ ተጋጣሚዎቹ ውቅያኖስ እየተሻገሩ ይጫወቱ ነበር። በ1998 ሌላ ሊግ ሲፈርስ ቡድኖቹን ተካፍሎ 16 ደረሰ፤ እነ አይዋ፣ ናሽቪልና ኒው ኦርሊንስ ሁሉ "የፓሲፊክ ዳርቻ" ቡድን ተባሉ። ካርታ የሚያይ ሰው ይስቃል።

በ2020 በኮቪድ ምክንያት ማይነር ሊግ ጭራሽ አልተካሄደም። በ2021 ሜጀር ሊግ ሥርዓቱን በሙሉ በእጁ አስገብቶ ቁጥሩን ከ160 ወደ 120 ቀነሰ፤ ብዙ ትናንሽ ከተሞች ያለ ቡድን ቀሩ። ሊጋችንም ታሪካዊ ስሙን ተነጥቆ "ትሪፕል ኤ ዌስት" ተባለ። ስሙ የተመለሰለት በ2022 ነው።

⚾ አሥሩ ቡድኖችና ሜዳዎቻቸው (የ2025 ወቅት)

🔹 ታኮማ ሬኒየርስ፦ የሲያትል ማሪነርስ ልጆች። ከሲያትል ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቼኒ ስታዲየም በ1960 ሲከፈት የተሠራው በሦስት ወር ተኩል አካባቢ ነው፤ ለዚህም ነው የሲልስ ስታዲየም መብራትና ወንበር ያስፈለገው። የሲያትሉን የድሮ ስም የያዙትም እነሱ ናቸው።

🔹 ሳክራሜንቶ ሪቨር ካትስ፦ የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ። ሜዳቸው ሰተር ሄልዝ ፓርክ፣ 2000። ስለዚህ ሜዳ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

🔹 ላስ ቬጋስ አቪዬተርስ፦ የአትሌቲክስ ክለብ። በ2019 በተከፈተው ላስ ቬጋስ ቦልፓርክ ይጫወታሉ። "አብራሪዎች" የተባሉት አውሮፕላን አብራሪና ባለሀብት ለነበረው ለሃዋርድ ሂዩዝ መታሰቢያ ነው።

🔹 ሪኖ ኤሲስ፦ የአሪዞና ዳይመንድባክስ። ሜዳው በ2009 ተከፈተ።

🔹 ሶልት ሌክ ቢስ፦ የኤንጀልስ። በ2025 ከሶልት ሌክ ሲቲ ወጥተው ሳውዝ ጆርዳን ወደሚባለው ከተማ አዲስ ሜዳ ገቡ። የድሮው ሰፈር ነዋሪ ቅር ብሎታል።

🔹 አልበከርኪ አይሶቶፕስ፦ የኮሎራዶ ሮኪስ። ስሙ የመጣው "ዘ ሲምፕሰንስ" ከሚባለው ካርቱን ነው፤ እዚያ ላይ አይሶቶፕስ የሚባል ቡድን ወደ አልበከርኪ ሊዛወር ሲል ያሳያል። ከተማው ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ሩቅ ትሄዳለች። አዲስ አበባ ላይ ቢጫወቱማ ኳሷ አትገኝም።

🔹 ኤል ፓሶ ቺዋዋስ፦ የሳን ዲዬጎ ፓድሬስ። ሜዳውን ለመሥራት ከተማው የራሱን ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ በ2013 በፈንጂ አፈረሰ፤ በ2014 ተከፈተ።

🔹 ራውንድ ሮክ ኤክስፕረስ፦ የቴክሳስ ሬንጀርስ። ኦስቲን አጠገብ፣ ዴል ዳይመንድ፣ 2000።

🔹 ሹገር ላንድ ስፔስ ካውቦይስ፦ የሂውስተን አስትሮስ። ሂውስተን አጠገብ፣ ሜዳው በ2012 ተከፈተ። የ2024 የሊጉ ሻምፒዮን ነበሩ።

🔹 ኦክላሆማ ሲቲ ኮሜትስ፦ የዶጀርስ። ብሪክታውን ውስጥ በ1998 በተከፈተ ሜዳ ይጫወታሉ። አዲሱን ስማቸውን የያዙት በ2025 ነው።

⚾ የተጫዋቹ ኪስ

ብዙ ሰው የቤዝቦል ተጫዋች ሁሉ ሚሊየነር ይመስለዋል። ከሜጀር ሊግ አንድ ደረጃ ብቻ የቀረው የትሪፕል ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ እስከ 2022 ድረስ 17,500 ዶላር ነበር። ክረምት ላይ ሌላ ሥራ የሚሠራ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ ተጨናንቆ የሚኖር ብዙ ነበር። በ2022 ተጫዋቾቹ በሠራተኛ ማህበር ተደራጁ፤ በ2023 በተፈረመው የመጀመሪያው የጋራ ስምምነት ዝቅተኛው ክፍያ ወደ 35,800 ዶላር አደገ። ከእጥፍ በላይ ነው።

አሁንም ግን ልዩነቱ ይታያችሁ። የ2025 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ 760 ሺህ ዶላር ነው፤ ለአንድ ቀን ሲሰላ 4 ሺህ ዶላር ገደማ። ታኮማ ላይ የሚጫወት ልጅ ያ ስልክ ተደውሎለት ሲያትል አሥር ቀን ቢቆይ፣ ከማይነር ሊግ የዓመት ዝቅተኛው የበለጠ ያገኛል። ስልኩን ለምን እንደሚጠብቅ አሁን ገባችሁ?

⚾ ሜዳ ለምትሄዱ

ቡድኖቹ በወቅቱ 150 ጨዋታ ያደርጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ ተጋጣሚው ከማክሰኞ እስከ እሑድ እዚያው ከተማ ቆይቶ ስድስት ጨዋታ ይጫወታል፤ ሰኞ እረፍት ነው። "ቤዝቦል ይረዝማል" ለምትሉ፣ ከ2022 ጀምሮ ወርዋሪው ላይ ሰዓት ይቆጠርበታል፤ በዚህም ጨዋታው 25 ደቂቃ ያህል አጥሯል። ሌላው ነገር፣ ተጫዋች ጭንቅላቱን መታ መታ ሲያደርግ ካያችሁ የዳኛውን ውሳኔ በካሜራ ሥርዓት እንዲታይለት እየጠየቀ ነው። ይሄ ለዓመታት በትሪፕል ኤ ከተሞከረ በኋላ ለ2026 ወደ ሜጀር ሊግ እንዲገባ ተወስኗል። ማይነር ሊግ ላይ ዛሬ የምታዩት ነገር፣ ነገ ትልቁ ሊግ ላይ ነው።

⚾ እና አሁን?

የሳክራሜንቶን ሜዳ እንመለስበታለን ብለን ነበር። ኦክላንድን አስቡ። በ1903 ሊጉን ከመሠረቱት ከተሞች አንዷ ናት። ኦክስን በ1955 አጣች። ከዚያ ሜጀር ሊግ መጣላት፤ አትሌቲክስ ከ1968 ጀምሮ 57 ወቅት ተጫወተ። በ2024 መጨረሻ እሱም ጥሏት ሄደ። ላስ ቬጋስ ላይ አዲስ ስታዲየም እስኪያልቅ ድረስ የት እየተጫወተ ነው? ሳክራሜንቶ፣ በሪቨር ካትስ ሜዳ፣ 14 ሺህ ሰው በሚይዝ የማይነር ሊግ ስታዲየም።

በ1958 ትልቁ ሊግ መጥቶ ትንሹን ከከተማው አስወጣው። ዛሬ ትልቁ ክለብ ቤት አጥቶ ትንሹ ጋ ተጠግቷል። ኦክላንድ ያሉ ደጋፊዎች ግን በሁለቱም ዘመን የተቀበሉት አንድ ዓይነት መልስ ነው፤ ቡድኑ የእናንተ አይደለም፣ የባለቤቱ ነው የሚል።

ስለዚህ ታኮማም ሆነ ሹገር ላንድ አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ሜዳው እያለ አንድ ቀን ሂዱና እዩት። ሬኒየር አቬኑ ላይ ያለው መደብርም አንድ ጊዜ ስታዲየም ነበር።

ጽሑፉን ከወደዳችሁት ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ ላለ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። በየቀኑ የሚያልፍበት መንገድ ታሪክ ነው።